ዝንብ የሚሰፋው ሙነወር

ዓለም ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ የሙነወር ልብስ ስፌት ሱቅ አለ። ዘንድሮ በሚያዝያ አንድ ገበሬ ከዚህ ሱቅ አዲስ ሱሪ አሰፍቶ ወሰደና በማግሥቱ ፊቱን አጨፍግጎ ተመለሰ።

«ሙነወር፣ ኪሴ ውስጥ ዝንብ ሰፍተህበታል» አለ።

«የሞተ ነው ወይስ በሕይወት ያለ?»

«እኔ ምን አውቄ! እጄን ብከት ነከሰኝ!»

ሙነወር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ ሱሪውን ተቀበለና ኪሱን ገልብጦ አየ። ፊቱ በራ።

«አልሐምዱሊላህ! እኔ እኮ ቤቱን አገላብጬ ስፈልጋት ነው የሰነበትሁት!»

ከኪሱ ስፌት ላይ በመንጠቆዋ ተሰክታ የቀረችውን ነገር በሁለት ጣቱ ነቅሎ አሳየው። ቡናማ የበግ ጠጉር የተጠመጠመባት፣ ሁለት የላባ ክንፍ ያላት፣ ከበቆሎ ፍሬ የማትበልጥ የውሸት ዝንብ ናት። ገበሬው ዝንቧን አየ፤ ሙነወርን አየ፤ ከዚያ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ የተቀመጥሁትን እኔን አየኝ። ጤነኛ ነው ወይ? ማለቱ ነው። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ፣ ነው፣ አልሁት።

ጡረታ ወጥቼ ወደ ትውልድ ከተማዬ ከተመለስሁ ወዲህ ከዚያች አግዳሚ ብዙ አልርቅም። ዕድሜ ሲገፋ ሰው መቀመጥና ማሰብ ያበዛል፤ ሐሳብ ደግሞ ብቻውን ከተተወ ወደ ጨለማው ማድላት ይወዳል። ሙነወር ዘንድ መዋል ለዚህ ዓይነቱ ሕመም መድኃኒት ነው። ሲሠራ ያንጎራጉራል፣ ደንበኛ ሲገባ ይቀልዳል፣ ደንበኛ ሲወጣ ከስፌት መኪናው መሳቢያ መንጠቆ አውጥቶ ዝንብ ይሰፋል። ነገሩ መጠምጠም ነው እንጂ መስፋት አይደለም፤ እሱ ግን ልብስ ሰፊ ነውና ሌላ ቃል አይወድለትም።

ዝንቡ የመጣው ከመንገድ ሥራው ጋር ነው። ከሠራተኞቹ ጋር የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ የተቀደደ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ሊያስጠግን ገባ። ከረጢቱ ውስጥ እየተገጣጠመ የሚረዝም፣ እንደ አለንጋ የሚተጣጠፍ ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነበር። ሙነወር፣ ዕቃውን ካላየሁ ልኩን አላውቅም ብሎ ዘንጉን አስገጠመው፤ ዘንጉ ሲገጠም ደግሞ፣ ሥራውን ካላየሁ አለ። በዚያው እሑድ ሁለቱ አብረው ወደ ቆላው ግድብ ወረዱ። መሐንዲሱ አገሩ ሲገባ ዘንጉን ለሙነወር ትቶለት ሄደ።

ግድቡ ለመስኖ የተሠራ ነው። ባለሙያዎች ካርፕ የሚባል ዓሣ ለቀውበት ረብቷል። ካርፕ ወፍራም ነው፤ ቅርፊቱ እንደ ነሐስ ያበራል፤ በአፉ ግራና ቀኝ ጢም አለው። ክረምት ውኃው ሲቀዘቅዝና ሲደፈርስ ከታች ተኝቶ አይታይም። ፀሐይ ስትበረታ ግን፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ወደ ዳር ይወጣል፤ ጭቃ ይምሳል፣ የረገፈ ሾላ ይለቅማል፣ ውኃው ላይ የወደቀ ነፍሳት ይመጥጣል። የውኃ ኮሚቴው መረብ ከልክሏል፤ የሚፈቅደው መንጠቆ ብቻ ነው።

ሙነወር የሚወረውረው ዝንቧን አይደለም፤ እሷማ ክብደት የላትም። የሚወረውረው ክሩን ነው። ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያወናጭፈው ክሩ በአየር ላይ እንደ ቡሄ ጅራፍ ይጠቀለልና ይዘረጋል፤ ዝንቧ ከጫፉ ላይ ሆና ቀስ ብላ ውኃው ላይ ታርፋለች፤ ዓሣው እውነተኛ መስላው እንዲጎርሳት ነው። ከማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ግን ያበደ ሰው ውኃ ሲገርፍ ነው የሚመስለው። «ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሲባል ሰምተናል» ይሉታል ከመስኖው የሚመለሱ ገበሬዎች፤ «ቢገርፉትስ ምን ይል ይሆን?»

ከሁሉ የባሰው የክንፉ ጉዳይ ነበር። ለዝንብ ክንፍ የገብስማ ዶሮ የአንገት ላባን የሚያህል የለም ይላል ሙነወር። በእኛ አገር ደግሞ የዶሮ ቀለም እየለየ የሚፈልግ ሰው ወይ ከጠንቋይ ቤት መምጣቱ ነው ወይ መሄዱ። ይህን እያወቀ፣ በአንድ ፋሲካ ማግሥት የክርስቲያን ጎረቤቶቹን በር እያንኳኳ፣ «እንኳን አደረሳችሁ፤ ገብስማ አርዳችኋል?» ማለት ጀመረ። ሴቶቹ አማተቡ። «ሥጋውን አይደለም፤ የአንገቱን ላባ ብቻ» ብሎ ሊያስረዳ ሲሞክር ጭራሽ በር ዘጉበት። የጎረቤቱ የወዳጆ ሚስት እስከዳር ባትደርስለት ኖሮ ስሙ ጠፍቶ ይቀር ነበር። መንገድ መሐል ቆማ፣ «ኧረ ዝንብ ሊሰፋበት ነው!» ስትል ጮኸች። ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጠንቋይ ከመባል ግን ዝንብ ሰፊ መባል ይሻላል።

የዝንቡን ጠጉር የምትፈትልለትም እሷው ናት። እስከዳርና ወዳጆ የመንዝ ሰዎች ናቸው፤ ወዳጆ በወጣትነቱ ከዚያው ከዘመሮ የበግ ጠጉር ባና ተሸክሞ ሊሸጥ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ከሙነወር ጋር አንድ አጥር ከተጋሩ አርባ ዓመት ሊሆናቸው ነው። አጥሩ ተበልቶ ያለቀው በምሥጥ ይሁን በሁለቱ መመላለስ ማንም አያውቅም።

እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚህ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን ሥጋ አብረው በልተው አያውቁም። በአንድ ዕድር ይቀብራሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ያስታምማል፤ ሥጋ ላይ ሲደርሱ ግን ይለያያሉ። በእስላም ሠርግ የክርስቲያን ዳስ አለ፤ በክርስቲያን ሠርግ የእስላም ዳስ አለ። ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። በጉ አንድ በግ ነው፤ ቢላውም ከአንድ ገበያ የተገዛ ነው። ልዩነቱ ቢላው አንገት ላይ ሲያርፍ ከአራጁ አፍ የሚወጣው ቃል ብቻ ነው፤ አንድ ትንፋሽ። ይህን የምለው ለመንቀፍ አይደለም። ቃል እንደ እብቅ በሚበተንበት በዚህ ዘመን ሰው በአንድ ቃል ምክንያት ከሞላ ማዕድ እጁን መሰብሰቡ ያስከብረዋል እንጂ አያስነቅፈውም። ወዳጆ ግን ነገሩን ከእኔ አሳጥሮ ይጨርሰዋል፤ «ሽሮ ላይ አንድ ነን፣ ሥጋ ላይ ሁለት ነን።»

ዘንድሮ የሙነወር ልጅ ነጅዋ ልትዳር ሆነ፤ ሠርጉ ለግንቦት ተቆረጠ። በዚያው ሰሞን የወዳጆ ወንድም ዘመሮ ላይ አረፈና መሬቱን የሚይዝ ጠፋ። ወዳጆና እስከዳር ከሠርጉ በኋላ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ገብሱን ለመዝራት ጠቅልለው ወደ መንዝ ሊመለሱ ነው። ይህ ወሬ ከተሰማ ወዲህ ሱቋ ውስጥ ሳቁ ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰዓት ሙነወር የሙሽራዋን ልብስ ጠርዝ እየሰፋ፣

«ለክርስቲያኖቹ ሙክት እሰጥሃለሁ፤ አንተው አርደህ አብላቸው» አለው አጠገቤ የተቀመጠውን ወዳጆን።

«እንደ ሁልጊዜው» አለ ወዳጆ። «አንተ በዚያ ዳስ፣ እኔ በዚህ ዳስ። ከዚያ አንተ እዚህ፣ እኔ ዘመሮ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ዓሣ እኮ አይታረድም» አለ ሙነወር ድንገት።

«ምን አልህ?»

«ዓሣ አይታረድም! ብስሚላህም በስመ አብም አያሻውም። ከውኃ ወጣ፣ አለቀ። ያንተ ሥጋ አይደል፣ የእኔ ሥጋ አይደል።»

«እኔ የመንዝ ሰው ነኝ። እባብ አልበላም።»

«ዓሣ ነው ያልሁህ!»

«እግር የሌለው ሁሉ እባብ ነው።»

እስከዳር እንዝርቷን እያሾረች በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። «አንተ ሰውዬ፣ ለነጅዋ ስትል አንድ ቀን እባብ ብትበላስ? በእጅህ ያደገች ልጅ አይደለችም?» አለችው።

ወዳጆ አንገቱን አከከ። ሠርጉ በበዓለ ሃምሳ ስለሚውል ጾም ነው ብሎ ማምለጥም አይችልም። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «ግን ክንድ ይሙላ። ጣት የምታክል ነገር ትሪ ላይ አጋድመህ በሰው ፊት እንዳታዋርደኝ። እንደ ሙክት ይከበር።»

«ክንድ ይሞላል፤ ወላሂ!» አለ ሙነወር። ወላሂውን ባይጨምር ይሻለው ነበር፤ አሁን ማጣፊያ የለውም።

ክንድ የሚሞላ ዓሣ መኖሩንስ አለ። ከሾላው ሥር፣ ቅርንጫፉ ውኃው ላይ በተንጠለጠለበት ጥግ፣ ወፍራምና ጢማም ካርፕ ይመላለሳል። ወዳጆ በጢሙ ምክንያት «ግራዝማች» የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል። ሙነወር ሚያዝያን በሙሉ ማለዳ ማለዳ ቁልቁል እየወረደ ለግራዝማች ዝንብ አቀረበ። ግራዝማች ወጣ ይላል፣ ዝንቧን ያያል፣ አንዳንዴም አፉን ከፍቶ ይስባትና እንደ መረረው ሁሉ እፍ ብሎ ይተፋታል። ትንንሾቹ ይያዛሉ፤ ሙነወር መንጠቆውን ነቅሎ ይለቃቸዋል። የዝንቡን ቀለም ለወጠ። ከሙሽራዋ ልብስ በተረፈው ብልጭልጭ ክር ሳይቀር ሰፋ።

«ግራዝማች ዛሬም አልተገኙም?» ይለዋል ወዳጆ ከግቢው ሆኖ።

«ነበሩ፤ አልተመቻቸውም።»

«ቬሎ አልብሰህ ብታቀርብላቸውም አይነኩልህ!» ደግሞ መሳቢያው በዝንብ ሞልቶ ሲያይ፣ «ሺህ ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» ብሎ ይተርታል። ይሳለቃል እንጂ ልቡ እንዳልሳቀ አውቅ ነበር። ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ ወደ ሱቋ ብቅ እያለ፣ እንደ ዋዛ፣ «እንዴት ነው?» ማለት አበዛ። ሙነወርም ሲያንጎራጉር አይሰማም።

ከሠርጉ ዋዜማ በፊት ባለው ሌሊት ዝናብ ጣለ። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ከየኩይሳው አሸን፣ ክንፋሙ ምሥጥ፣ ፈላ። እንደ አሸን ፈላ እያልን ስንተርት የምንኖረውን ነገር ቆም ብሎ ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ምድር ክንፍ አውጥታ የምትነሳ ነው የሚመስለው። ሙነወር ከደጁ ቆሞ አንዷን ከሸሚዙ ላይ አነሳ። ቡናማ ገላ፣ እንደ ገብስማ ላባ ብርሃን የሚያሳልፍ ክንፍ። እየሮጠ ወደ ሱቁ ገባና ከገበሬው ኪስ የተገኘችውን ዝንብ ይዞ ወጣ።

«ነገ ልጅህን ትድራለህ፣ ዛሬ ውኃ ልትገርፍ?» ጮኸች ሚስቱ ሰሀር ከጓሮ።

«ተመለስሁ!» አለ ቁልቁል እየወረደ። ወዳጆ በጋቢው፣ እኔ በምርኩዜ፣ ተከተልነው።

ግድቡ ይፈላ ነበር። አሸኑ ውኃው ላይ ይረግፋል፤ ዓሦቹ ከታች እየወጡ ቡልቅ፣ ቡልቅ ያደርጉታል። ከሾላው ሥር የግራዝማች ሰፊ ከንፈር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሙነወር ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባ። ክሩ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተጠቀለለ፣ ወደ ፊት ተዘረጋ፤ ዝንቧ ከእውነተኞቹ መሐል ወደቀች። የትኛዋ እንደሆነች እኔ አልለየሁም። ግራዝማችም አልለየም።

ከንፈሩ ተዘጋ። ዘንጉ እንደ ደጋን ጎበጠ።

«ያዘው! ያዘው!» ወዳጆ ዳር ላይ ይዘላል።

«ዝም በል! ክሩ ይበጠሳል!»

«ሳበው እንጂ!»

«አይሳብም፤ ይለመናል!»

ዓሣው ወደ መሐል ሄደ፤ ክሩ ተከተለው። ተመለሰ፤ ሙነወር እየሰበሰበ ጠበቀው። እንደገና ሄደ። ሁለት ሽማግሌዎች ክር ጫፍና ጫፍ ይዘው የሚከራከሩ ይመስል ነበር። በመጨረሻ ግራዝማች ደክሞት በጎኑ ዘመም ብሎ ወደ ዳር ሲመጣ፣ ወዳጆ አላስቻለውም፤ ከነልብሱ ገብቶ ጋቢውን ጣለበትና እንደ ሕፃን አቅፎ ወጣ። ሣሩ ላይ ሲያሳርፈው ዓሣው በጅራቱ ደረቱን መታው፣ ተፈናጠረ፣ ወደ ውኃው ተንደረደረ። ሙነወር ገና ክሩ ውስጥ ተተብትቧል።

ወዳጆ በጉልበቱ ተጫነው። ከወገቡ ቢላዋ መዘዘ። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!» አለና አረደው።

ውኃው ብቻ ቡልቅ፣ ቡልቅ ይል ነበር።

«ወዳጆ» አለ ሙነወር። «ምን አደረግህ?»

«አረድሁት።» ቢላዋውን አየ። ዓሣውን አየ። «ወይኔ... አረድሁት!»

«በስመ አብ ብለህ?»

«ሲንፈራገጥብኝ ጊዜ ሙክት መሰለኝ! እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

«ስጠኝ ቢላዋውን። እኔም ብስሚላህ ልበልበትና ይስተካከላል።»

«ተው! ተው አልሁህ! አንተ ብስሚላህ ካልህበት እኔ አልበላውም!»

«አንተ በስመ አብ ካልህበት እኔስ?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔን አትዩኝ» አልኋቸው፤ «እኔ የተማርሁት ፍልስፍና ነው። እሱ ጥያቄ ያበዛል እንጂ አይፈርድም።»

ወዳጆ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ውኃው ከልብሱ ይንጠባጠባል። «አርባ ዓመት የጠበቅነውን በአንድ አፍ አበላሸሁት» አለ፤ ይህን ሲል አልቀለደም። የሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ከሩቅ የምንጠብቀውን ጠላት ስናይ የገዛ እጃችን ልማድ ከጎን ቀድሞ ይደርሳል። ሙነወር ዓሣውን በእርጥቡ ጋቢ ጠቀለለው። «ተነስ፤ ሼህ ሪድዋን ዘንድ እንሂድ። ክልክል ካሉም ከእሳቸው እንስማው» አለ።

ሼህ ሪድዋን በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣሉ። ከመስጊዱ ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። ሙነወር ጋቢውን ፈታ። ወዳጆ እንደ ተከሳሽ ቆሞ ሁሉንም ተናገረ፤ በስመ አቡንም አልደበቀም።

ሼሁ ከወዲያ ወዲህ እያገላበጡ አዩት። ከዚያ በጣታቸው የጉንጩን ክዳን ከፍ አደረጉት። ከሥሩ ቀዩ ስንጥቅ ታየ።

«ይኼ ምንድነው ወዳጆ?»

«ስንጥቅ ነው።»

«አንተ ነህ የሰነጠቅኸው?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም! እኔ ከዚህ ዝቅ ብዬ ነው።»

«ማን ነው ታዲያ?»

ወዳጆ ወደ ሰማይ አየ። «እሱ ነዋ።»

«ይኸውልህ። ዓሣ ታርዶ ነው የተፈጠረ። የታረደ ደግሞ አይታረድም። አንተ ያደረግኸው ጸሎት ነው፤ ጸሎት ደግሞ ዓሣ አያበላሽም።» ወደ ሙነወር ዞሩ። «የውኃ ነገር ሐላል ነው፤ ማንም ያውጣው ማንም። ብላ!» ከዚያ እንደገና ወደ ወዳጆ፣ «አንተ ግን ያንን ቢላዋ እስከ ነገ ማታ ለእስከዳር ስጣት። ዱባውንም ታርድብናለህ።»

ሙነወር ሳቀ። ወዳጆ ግን የሼሁን እጅ ለመሳም ጎንበስ ሲል ዓይኑን በእርጥቡ እጅጌ ጠረገ።

በሠርጉ ዕለት ዳሶቹ እንደ ልማዱ ሁለት ነበሩ፤ በመሐላቸው ግን አንዲት ትንሽ ምንጣፍ ተነጠፈች። ሰሀርና እስከዳር አብረው የጠበሱት ግራዝማች ትሪውን ሞልቶ፣ ጢሙ ሳይቀር፣ በሁለት ሰው ተይዞ ሲገባ እልልታው ቀለጠ። ነጅዋ በሙሽራ ልብሷ ተነስታ ቆመች። ወዳጆ ክንዱን ትሪው ላይ ዘርግቶ ለካና፣ «ሞልቷል» ብሎ በሰው ፊት ፈረደ።

ተቀመጡ። ካርፕ እሾሃም ዓሣ ነው፤ ሥጋው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ አጥንት ተሰግስጓል። ስለዚህ እነዚያ ለአርባ ዓመት ዝም ብለው የማያውቁት ሁለት ሰዎች፣ ይህን ሁሉ የጠበቁትን ማዕድ፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ፣ እሾህ እየለቀሙ በሉት። ሙነወር አንድ ጊዜ በጥንቃቄ አጽድቶ አጎረሰው። ወዳጆ አላመጠ፣ ዋጠ።

«እንዴት ነው?»

«እባብ አይመስልም» አለ ወዳጆ።

ትሪው ላይ ጭንቅላቱ ብቻ ቀረ። ሙነወር አነሳና በሁለት እጁ አቀረበለት።

«እንካ፤ የአራጅ ድርሻ።»

ወዳጆ ተቀብሎ ወደ ራሱ አስጠጋው። «አራጁማ እሱ ነው ተብሎ የለ?» አለ ወደ ላይ እያየ።

«ታዲያ ለምን ተቀበልህ?»

«አደራ ይዤለት ነው» አለና ጉንጩን መጋጥ ጀመረ።